በተዘጋ ቡፌ ውስጥ ያሉ ሪሲቨርና አምፕሊፋየር በሪሞት እንዴት ይታዘዛሉ?

ሆጤ ሰፈር (ጠያቂ)፦

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ደሴ ሆጤ አካባቢ የምናሠራው ቤት ማጠናቀቂያው ላይ ደርሷል። የሳሎኑ አንድ ግድግዳ በጂፕሰም እየተሸፈነ ሲሆን ቴሌቪዥኑ መሃሉ ላይ ይሰቀላል፤ ከሥሩ ደግሞ አናጢው ከኤምዲኤፍ የሠራልን ባለ ሁለት መዝጊያ ረጅም ቡፌ ይቀመጣል። ሁለቱ ሪሲቨሮች፣ አምፕሊፋየሩ፣ አንድሮይድ ቦክሱና የገመዱ ክምር በሙሉ በዚህ ቡፌ ውስጥ ተዘግቶባቸው እንዲቀመጡ እንፈልጋለን። ለውበት ብቻ ብለን አይደለም፤ ልጆቹ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ መቆጣጠሪያ ባገኙት ቁጥር እስከ መጨረሻው ያዞሩታል፣ አቧራውም ቀላል አይደለም።

ችግሩ ግልጽ ነው፤ መዝጊያው ሲዘጋ ሪሞቱ አይሠራም። የዲሽ ሠራተኛው «መዝጊያውን ገርበብ አድርጋችሁ ተጠቀሙ» ብሎ ሄደ፤ እንዲያ ከሆነ መዝጊያ ማሠራቱ ለምን አስፈለገ? ሌላ ሰው በስልክ የሚሠራ ዕቃ እንድገዛ መክሮኛል፤ ነገር ግን ቴሌቪዥኑን ከሁላችንም ይልቅ የሚከታተሉት አብረውን የሚኖሩት እናቴ ናቸው፤ እሳቸው የለመዱትን ሪሞት ትተው ስልክ ከፍተው ጣቢያ ይቀይራሉ ብዬ አላስብም። በተጨማሪም ሁለቱ ሪሲቨሮች አንድ ዓይነት ሞዴል ናቸው፤ አንደኛው ለኢትዮሳት፣ ሁለተኛው ለናይልሳት ነው። አሁንም እንኳ አንዱን ሳበራ ሌላው አብሮ ይበራል። መኝታ ቤትም ሁለተኛ ቴሌቪዥን አለ።

የጂፕሰም ሠራተኛው በቅርቡ ግድግዳውን ይዘጋል። ከመዘጋቱ በፊት ምን ገመድ ላሳልፍ? መፍትሔው ራሱስ ምንድን ነው?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፦

አብሽሩ ወንድሜ፤ ግድግዳው ሳይዘጋ በመጠየቅዎ የሥራው ከባዱ ክፍል ቀሏል። የሚያስፈልግዎት የሪሞት ማራዘሚያ ነው፤ ሻጮቹ አይአር ኤክስቴንደር ወይም አይአር ሪፒተር ይሉታል።

አሠራሩን ካወቁ ገጠማውን ለማንም ማዘዝ ይችላሉ፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው። ሪሞቱ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ትረጫለች፤ የሞገድ ርዝመቱ ባብዛኛው 940 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ብርሃን በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም እያለ ትእዛዙን በአጫጭርና በረጃጅም ክፍተቶች ጽፎ ይልካል። ከግድግዳና ከኮርኒስ ላይ ይነጥራል፤ ለዚህም ነው ሪሞቱን ወደ ኋላ አዙረን እንኳ አንዳንዴ የሚሠራልን። እንጨትን ግን አያልፍም። ማራዘሚያው የሚያደርገው ይህንን ብርሃን ከቡፌው ውጭ በትንሽ ዓይን ተቀብሎ፣ በገመድ ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ እዚያ መልሶ ማብራት ነው። ዕቃው ሦስት ክፍል አለው፤ ከውጭ የሚለጠፈው ዓይን፣ ቡፌው ውስጥ የሚቀመጠው ማገናኛ ሳጥን፣ ከዚያም በየመሣሪያው ፊት ላይ የሚጣበቁት ጥቃቅን አስተላላፊዎች። አብዛኛው በ3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ፣ ማለትም በጆሮ ማዳመጫ ዓይነት ሶኬት ይገናኛል። እናትዎ የያዙት ሪሞት ያው የለመዱት ሪሞት ነው፤ ምንም አዲስ ነገር አይማሩም።

ገጠማው ላይ ሰዎች የሚቸገሩባቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የዓይኑ ቦታ ነው። ብዙ ገጣሚ ዓይኑን ቡፌው ግንባር ላይ ይለጥፈዋል። የእኛ ሳሎን ግን ቡና የሚፈላበት ሳሎን ነው፤ ረከቦቱና ዙሪያውን በርጩማ ላይ የተቀመጠው ሰው በሶፋውና በቡፌው መካከል ይሆናል፤ በዚያን ሰዓት ሪሞቱ እንደገና አልሠራም ይባላል። ስለዚህ ዓይኑን ከተቀማጭ ሰው ራስ በላይ፣ ከቴሌቪዥኑ የታችኛው ጠርዝ ሥር ያድርጉት። ወደ መስኮት ፊት ለፊት አያዙሩት፤ የፀሐይ ብርሃን ራሱ ብዙ ኢንፍራሬድ ስላለው ዓይኑን ያደነዝዘዋል።

ሁለተኛው የአስተላላፊው ቦታ ነው። የሪሲቨሩ መቀበያ በየትኛው በኩል እንዳለ ከፊቱ አይለይም፤ ጥቁር ፕላስቲክ ብቻ ነው የሚታየው። የእጅ ባትሪ አስጠግተው ሲያበሩበት ከጥቁሩ ፕላስቲክ ጀርባ ክብ ወይም አራት ማዕዘን የሆነች ትንሽ ነገር ትታያለች፤ አስተላላፊው የሚጣበቀው እዚያ ላይ ነው። ማጣበቂያውን ሳይልጡ በጣትዎ ይዘው ይሞክሩት፤ ሪሲቨሩ አንድ ሲጫን ሁለት ጣቢያ እየዘለለ ከተቸገረ ብርሃኑ ስለበዛበት ሊሆን ይችላልና በጥቂት ሴንቲ ሜትር ያርቁት። አስተላላፊው መብራቱን ማረጋገጥ ከፈለጉ በስልክ ካሜራ ይመልከቱት፤ ሪሞቱ ሲጫን ሐምራዊ ወይም ነጭ ሆኖ ብልጭ ሲል ይታያል። የኋላው ካሜራ ባያሳይዎት የፊቱን ይሞክሩ፤ ብዙ ስልኮች በኋላው ካሜራ ላይ ማጣሪያ አላቸው።

ሦስተኛው የኃይል ምንጩ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማራዘሚያው በዩኤስቢ የሚሠራ ከሆነ አጠገቡ ያለው የቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ስለሆነ እዚያ ይሰካል። ብዙ ቴሌቪዥን በሪሞት ሲጠፋ ዩኤስቢውንም ያጠፋል፤ ማራዘሚያውም አብሮ ይሞታል። ከዚያ ማታ እናትዎ ሪሲቨሩን ቀድመው ልክፈት ቢሉ አይከፈትም፣ ተበላሽቷል ተብሎ ሠራተኛ ይጠራል። በተለየ የስልክ ቻርጀር ላይ ይሰኩት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚያመጣውን ጣጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ የቡፌው ዕቃ በሙሉ፣ ቻርጀሩም ጭምር፣ በአንድ ስታቢላይዘር ሥር ቢሆን እመርጣለሁ።

ሲገዙ ከ30 እስከ 60 ኪሎ ኸርትዝ (በሰከንድ ከ30 ሺህ እስከ 60 ሺህ ብልጭታ) የሚቀበል መሆኑን ይጠይቁ። አብዛኛው ሪሞት 38 ቢሆንም፣ 36 የሚጠቀሙም 56 የሚጠቀሙም አሉ፤ ለ38 ብቻ የተሠራ ዓይን 36ቱን ከቅርብ ሊቀበል ይችላል፣ 56ቱን ግን ጨርሶ ሊስተው ይችላል።

ጂፒኤስ ፒያሳ (ደሴ)፦

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የትኛው መሣሪያ በእርግጥ ማራዘሚያ እንደሚያስፈልገው ይለዩ። አንድሮይድ ቦክሱ በብሉቱዝ ሪሞት የሚሠራ ከሆነ ራዲዮ ስለሆነ የኤምዲኤፍ መዝጊያ አያስቸግረውም። አምፕሊፋየሩ ኤችዲኤምአይ ያለው ከሆነ ደግሞ ሲኢሲ የሚባለውን ከቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ያብሩት፤ ሳምሰንግ ኤኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ደግሞ ብራቪያ ሲንክ ይሉታል። በኤችዲኤምአይ ገመዱ 13ኛ እግር በኩል የሚያልፍ ትእዛዝ ነው፤ የቴሌቪዥኑ ሪሞት የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ይጨምራል ይቀንሳል፣ አብሮም ያጠፋዋል። ገመዱ ጥራት የሌለው ከሆነ ይህ እግር ላይገናኝ ይችላል፤ ምስሉ እየታየ ትእዛዙ ካላለፈ መጀመሪያ ገመዱን ይቀይሩ። በአገራችን ገበያ ያሉት ርካሽ ሪሲቨሮች ግን አብዛኞቹ ሲኢሲ የላቸውም፤ ለእነሱ ማራዘሚያው ግድ ነው።

በስልክ የሚሠራው የዋይፋይ ዕቃም መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለወጣት ቤተሰብ ይመቻል። ነገር ግን አብዛኛው በ2.4 ጊጋ ኸርትዝ ዋይፋይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ መብራት ሲመጣ ራውተሩ እስኪነሳ ይጠበቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ኢንተርኔት ሲቋረጥ አልታዘዝም ይላል። ለእናትዎ አይሆንም በሚለው እስማማለሁ።

እንጨት ሥራ (ደሴ)፦

እኔ ከኤሌክትሮኒክሱ ይልቅ ስለ ቡፌው መናገር እችላለሁ። መዝጊያው ገና ካልተቀባ አንድ አማራጭ አለ፤ የመዝጊያውን መሃል ቆርጦ ክፈፉን ብቻ በማስቀረት ቀዳዳ ባለው ጨርቅ፣ ማለትም ስፒከር ላይ በሚወጠረው ዓይነት፣ መሸፈን ይቻላል። ብርሃኑ በጨርቁ ቀዳዳዎች ስለሚያልፍ ሪሞቱ ያለ ምንም ማራዘሚያ ሊሠራ ይችላል። ይህንን የሚጠራጠር ሰው ቤቱ ያለውን ሪሲቨር ይመልከት፤ ስንት ቤት ሪሲቨሩ ላይ ዳንቴል ተጥሎ፣ ጫፉ ፊቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሪሞቱ ግን ይሠራል! ዳንቴሉ ተደርቦ ሲታጠፍ ነው እምቢ የሚለው። ጥቁር መስታወት ማሠራትም ይቻላል፤ ነገር ግን ሁሉም ጥቁር መስታወት ኢንፍራሬድ አያሳልፍም፣ ከመቆረጡ በፊት ቁራጩን ሪሲቨር ፊት ይዞ በሪሞት መሞከር ያስፈልጋል።

ሌላው ሙቀት ነው። ከጀርባው በኤምዲኤፍ የተዘጋ፣ ከፊት የተዘጋ ቡፌ ውስጥ አምፕሊፋየር ማስቀመጥ መሣሪያውን ማብሰል ነው። አምፕሊፋየሩን ከሁሉም በላይ ባለው መደርደሪያ ያድርጉት፤ ከአናቱ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይሁን፤ ሪሲቨሩን አናቱ ላይ አይጫኑበት። የጀርባው ጣውላ ከታች በኩል ረጅም ክፍተት፣ ከላይ በኩልም ሌላ ክፍተት ይኑረው፤ ሞቃቱ አየር በላይኛው ሲወጣ ቀዝቃዛው በታችኛው ይገባል። ከታች ካልተከፈተ የላይኛው ክፍተት ብቻውን እምብዛም አይረዳም። ቡፌው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ እንዳይቆም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ይበል።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፦

የሙቀቱን ነገር ማንሳትዎ ጥሩ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ብርዱ ያግዛል፤ ሐረጎን ወርደው እኛ ዘንድ ሲደርሱ ግን 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ የተዘጋ ቡፌ ያለ ማራገቢያ አይሆንም። ባለ 12 ቮልት የኮምፒውተር ማራገቢያ ከላይኛው ክፍተት ላይ ታስሮ በ5 ቮልት ሲሠራ፣ አብዛኛው ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ድምፁም አይሰማም።

ሆጤ ሰፈር (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። የጨርቁን መዝጊያ ባለቤቴ አልወደደችውም፤ ማራዘሚያውን እንሞክራለን። የአንዱ ጓደኛዬን ማራዘሚያ ተውሼ ጊዜያዊ ሙከራ አድርጌ ነበር፤ ሁለት ነገር ግልጽ አልሆነልኝም። አንደኛ፣ ማታ የኮርኒሱ ጌጥ መብራት ሲበራ ዓይኑ ላይ ያለችው ጠቋሚ መብራት ማንም ሪሞት ሳይነካ ብልጭ ብልጭ ትላለች፤ ያን ጊዜ ሪሲቨሩ ትእዛዝ ይስታል። ሁለተኛ፣ ሁለቱን ሪሲቨሮች መለየት አሁንም አልቻልኩም፤ አስተላላፊዎቹን ለየብቻ ብለጥፍም ሁለቱም አብረው ይከፈታሉ።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፦

የመጀመሪያው ከኤልኢዲ መብራቱ የሚመጣ ረብሻ ነው። የኮርኒስ ጌጥ መብራት ባለ ርካሽ ትራንስፎርመር ሲሆን ብርሃኑ በፍጥነት ይርገበገባል፤ ዓይኑ ያንን እንደ ሪሞት ምልክት ይቆጥረዋል። መብራቶቹን አንድ በአንድ እያጠፉ ጠቋሚዋ የምትረጋበትን ይለዩ፤ ከዚያ ወይ ዓይኑን ከዚያ መብራት ዞር ያድርጉ፣ ወይም ከላይ በኩል በትንሽ ጥቁር ቴፕ ባርኔጣ ይሥሩለት። ሪሞቱ የሚመጣው ከሶፋው በኩል ስለሆነ ከላይ ቢሸፈን አይጎዳውም።

የሁለተኛው ምክንያት ቀላል ነው። ማገናኛ ሳጥኑ የሰማውን ሁሉ ለሁሉም አስተላላፊ እኩል ያስተላልፋል፤ የቱ ለማን እንደሆነ አይመርጥም። ሁለቱ ሪሲቨሮች ደግሞ አንድ ሞዴል ስለሆኑ ትእዛዛቸው አንድ ነው፤ አስተላላፊውን ምን ቢለያዩት ሁለቱም ስማቸው የተጠራ ይመስላቸዋል። በቦታ ለይቶ የሚልክ ማራዘሚያ አለ፣ ግን ለየሪሲቨሩ የራሱ ዓይን ይፈልጋል፣ አንዱ ሳሎን ውስጥ ሁለት ዓይን ደግሞ ያንኑ ችግር ይመልሳል።

እኔ ብሆን ከነጭራሹ ሁለቱን ሪሲቨሮች በአንድ ቡፌ አላስቀምጥም። ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው፤ ሁለቱን ዲሾች በዳይሴክ መቀያየሪያ አገናኝተው ለአንድ ሪሲቨር ቢሰጡት፣ አንዱ ሪሲቨር የሁለቱንም ጣቢያ በአንድ ዝርዝር ይይዛል፤ እናትዎም ከእንግዲህ «የትኛው ሪሞት ነው?» ብለው አይጠይቁም። የተረፈው ሪሲቨር ወደ መኝታ ቤት ይሄዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለቱንም ዲሾች ላይ ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ያለው የምልክት መቀበያ) መግጠምና ለመኝታ ቤቱም ሌላ ዳይሴክ ማድረግ ነው። ያኔ መኝታ ቤት ያለው ሰው ሳሎኑን ሳይረብሽ የፈለገውን ይከፍታል። ዲሾቹ ጣሪያ ላይ እንደተነጣጠሩ ይቆያሉ፤ ኤልኤንቢ ሲቀየር ግን ምልክቱን እንደገና ማየት አይቀርም።

አንድ ሪሲቨር ለሁለቱም ክፍል ይሁን የሚሉ ከሆነ፣ ከመኝታ ቤት ትእዛዙን በራዲዮ የሚያስተላልፉ ጥንድ ዕቃዎች አሉ፤ ብዙዎቹ በ433 ሜጋ ኸርትዝ ይሠራሉ፣ ግድግዳም ያልፋሉ። ነገር ግን ሁለቱ ክፍሎች ሁልጊዜ አንድ ጣቢያ ያያሉ፤ በአንድ ቤት ውስጥ ለዚህ ተስማምቶ የሚኖር ቤተሰብ አላየሁም።

ኤሌክትሪካል ተማሪ (ኮምቦልቻ)፦

ጋሼ፣ ማራዘሚያውን ራሱ መሥራት ለሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎች ቲኤስኦፒ 1738 የተባለውን መቀበያ ገዝተው መውጫውን በትራንዚስተር በኩል በቀጥታ ከኢንፍራሬድ አምፖል ጋር ያገናኙታል፤ አምፖሉ ይበራል፣ ሪሲቨሩ ግን አይሰማም። ምክንያቱ መቀበያው 38 ኪሎ ኸርትዙን ማርገብገብ አጣርቶ አስቀርቶ ባዶውን ትእዛዝ ብቻ ማውጣቱ ነው። ማርገብገቡን መልሶ መጨመር ያስፈልጋል። ለዚህ 555 የተባለችው ርካሽ ቺፕ ትበቃለች፤ 1 ኪሎ ኦም፣ 18 ኪሎ ኦምና 1 ናኖ ፋራድ ሲገጠሙላት 39 ኪሎ ኸርትዝ አካባቢ ትሰጣለች፣ በ18ቱ ምትክ ተለዋዋጭ ሬዚስተር ቢደረግ ወደ 38 ማስተካከል ይቻላል። የመቀበያው መውጫ ሥራ ሲፈታ ከፍ፣ ትእዛዝ ሲመጣ ዝቅ የሚል ስለሆነ በአንድ ትራንዚስተር ተገልብጦ ለ555 አራተኛ እግር ይሰጣል፤ ያኔ ትእዛዝ ሲመጣ ብቻ ትርገበገባለች። ለአምፖሏ በ5 ቮልት 100 ኦም ይበቃል፤ ሪሲቨሩ ላይ የተለጠፈ አምፖል ብዙ ጉልበት አያስፈልገውም። በመቀበያው የኃይል መስመር ላይም 100 ኦምና 10 ማይክሮ ፋራድ ማድረግ አይረሳ፤ ከቻርጀሩ የሚመጣው ረብሻ በዚያ ይጣራል።

እንጨት ሥራ (ደሴ)፦

ልጄ፣ ጎበዝ። ለጠያቂው ግን የጂፕሰም ሠራተኛው ሳይቀድምዎ ስለ ቱቦው ልናገር፤ እስካሁን በግልጽ ያልተመለሰው እሱ ነው።

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ እስከ ቡፌው ጀርባ ከ40 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ቱቦ ይቅበሩ። የመብራት ሠራተኞች የሚይዙት ቀጭኑ ቱቦ ለኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ የኤችዲኤምአይ ገመድ ጭንቅላት በውስጡ አያልፍም፣ ጭንቅላቱን ቆርጦ መልሶ መበየድ ደግሞ የማይሆን ነገር ነው። መታጠፊያው ላይ ቀጥ ያለ ማዕዘን አይግባ፤ ቱቦው በሰፊው ይጠምዘዝ። የ220 ቮልቱ መስመር በሌላ ቱቦ ይሂድ። ለማራዘሚያው ዓይን ከቴሌቪዥኑ ታችኛ ጠርዝ ትይዩ ጂፕሰሙ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳ፤ የዓይኑ ገመድ በዚያው በትልቁ ቱቦ ይወርዳል። ገመዱ ካጠረ ማራዘሚያ ገመድ ይጨመርበታል፣ ሲገዙ ግን ጃኩ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት ያለውን ይምረጡ፤ የዓይኑ ገመድ ሦስት መስመር ነው፣ ባለ አንድ ቀለበቱ ሁለት ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ለመኝታ ቤቱም የዲሹ ገመድ የሚያልፍበት የራሱ ቱቦ ይሁን።

ቱቦዎቹ ውስጥ ናይሎን ሲባጎ አስገብተው ሁለቱንም ጫፍ ምስማር ላይ ይሰሩት። የጂፕሰም ሠራተኛው ሲጨርስ ጫፎቹን በስቱኮ እንዳይደፍናቸው ቁራጭ ፕላስቲክ ያልብሱአቸው፤ ቀለሙ ከመቀባቱ በፊትም አንድ ጊዜ ገመዱን በሲባጎው ስበው አሳልፈው ይመልከቱ።